ኮምፒዩተሮች እየፈጠኑ ሲሄዱ ሥራችን ለምን ይዘገያል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ያጋጠመኝ ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖኛል። በክፍሉ የነበሩት ማሽኖች ሰባትና ስምንት ዓመት ያገለገሉ ሲሆኑ፣ በክረምቱ ወራት አዲስ ሥርዓተ ክወና ተጭኖባቸው ነበር። ትምህርት እንደተከፈተ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማረም የመጣች አንዲት ተማሪ ከማሽኖቹ አንዱን አብርታ ተቀመጠች። ማሽኑ ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ፣ ከዚያም ፋይሏ እስኪከፈት ድረስ ከሩብ ሰዓት በላይ ጠበቀች። በዚያው ክፍል ጥግ ከአንድ የመለኪያ መሣሪያ ጋር ተያይዞ የኖረ፣ ስክሪኑ ወፍራም የሆነ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። የቤተ ሙከራው ረዳት ያንን ማሽን አብርቶ፣ ልኬቱን ወስዶና ውጤቱን አትሞ ሲወጣ የተማሪዋ ፋይል ገና አልተከፈተም። «መምህር» አለችኝ፣ «ያ ማሽን በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። ታዲያ እንዴት ቀደመኝ?»

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «የዱሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ» የሚለው ነው። ሁለቱም ምክንያቱን አያስረዱም። ኮምፒዩተር እንደ ጫማ በአገልግሎት ብዛት አያልቅም። አቧራና ሙቀት ካላሰናከሉት በቀር ከስምንት ዓመት በፊት በሰከንድ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ይመታ የነበረ ፕሮሰሰር ዛሬም በሰከንድ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ስለዚህ የተለወጠው ማሽኑ ሳይሆን በማሽኑ ላይ የተጫነው ሸክም ነው ማለት ነው። ይህ ሸክም ምን ያህል እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው አስፈላጊ የትኛውስ ከንቱ እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ ቀለል ባለ ስሌት እየታገዝን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥርዓተ ክወና ምን ይሠራል?

ሥርዓተ ክወና ወይም በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ በኮምፒዩተሩ አካላትና በምንገለገልባቸው ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። ሜሞሪውን ለፕሮግራሞች ያከፋፍላል፤ ፕሮሰሰሩ ለየትኛው ፕሮግራም ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ ይወስናል፤ ፋይሎችን በሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ የቁልፍ ሰሌዳውን፣ ስክሪኑንና ማተሚያውን ይቆጣጠራል። አስተዳዳሪ እንደመሆኑ መጠን እሱ ራሱም ከሚያስተዳድረው ሀብት ድርሻውን ይወስዳል። የተማሪዋ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አስተዳዳሪው ምን ያህል ይወስዳል?

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

በአገራችን በብዛት ከተሠራባቸው ሥርዓተ ክወናዎች አንዱን ቤተሰብ፣ ዊንዶውስን፣ እንውሰድ። አምራቹ ለየትውልዱ ያወጣቸው ዝቅተኛ መስፈርቶች የሚከተሉት ናቸው።

• ዊንዶውስ 95 (1995)፦ ሜሞሪ 4 ሜጋባይት፣ የሃርድ ዲስክ ቦታ ከ50 እስከ 55 ሜጋባይት
• ዊንዶውስ ኤክስፒ (2001)፦ ሜሞሪ 64 ሜጋባይት፣ የሃርድ ዲስክ ቦታ 1.5 ጊጋባይት
• ዊንዶውስ ቪስታ (2007)፦ ሜሞሪ 512 ሜጋባይት፣ የሃርድ ዲስክ ቦታ 15 ጊጋባይት
• ዊንዶውስ 7 (2009)፣ ባለ 32 ቢቱ፦ ሜሞሪ 1 ጊጋባይት፣ የሃርድ ዲስክ ቦታ 16 ጊጋባይት
• ዊንዶውስ 11 (2021)፦ ሜሞሪ 4 ጊጋባይት፣ የማከማቻ ቦታ 64 ጊጋባይት

ከ1995 እስከ 2021 ባሉት 26 ዓመታት የሜሞሪው መስፈርት ከ4 ሜጋባይት ወደ 4 ጊጋባይት፣ ማለትም 1024 ጊዜ እጥፍ አድጓል። 1024 ደግሞ 2 በራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው። ስለዚህ መስፈርቱ በ26 ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ በእጥፍ አድጓል ማለት ነው። 26ን ለ10 ስናካፍል 2.6 እናገኛለን፤ በአማካይ በየሁለት ዓመት ተኩሉ ገደማ አንድ እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህን እድገት ከሃርድዌሩ እድገት ጋር እናነጻጽረው። ጎርደን ሞር በ1965 ባቀረበውና በ1975 ባሻሻለው ትንበያ መሠረት በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ትራንዚስተሮች ቁጥር በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት በ26 ዓመት 13 እጥፎች ይኖራሉ፤ ይህም 8192 ጊዜ ማለት ነው። እንግዲህ ሃርድዌሩ 8192 ጊዜ ሲያድግ የሥርዓተ ክወናው ፍላጎት ያደገው 1024 ጊዜ ብቻ ነው። ቁጥሮቹን እንዳሉ ከተቀበልናቸው ተማሪዋ መጠበቅ አልነበረባትም። ግን ጠበቀች። ስሕተቱ የት ላይ ነው?

የሞር ትንበያ በጠረጴዛችን ላይ አይሠራም

የመጀመሪያው መልስ እጅግ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሞር ትንበያ የሚሠራው በፋብሪካ ውስጥ እንጂ በተገዛ ማሽን ውስጥ አይደለም። አንድ ኮምፒዩተር ከሳጥኑ በወጣበት ዕለት እድገቱ ያቆማል። ሶፍትዌሩ ግን በየዓመቱ ማደጉን ይቀጥላል። ሶፍትዌሩን የሚጽፉት ባለሙያዎች የሚሠሩት በዘመኑ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ስለሆነ፣ በእነሱ ጠረጴዛ ላይ ዝግመቱ አይታይም።

ማሽኑ በየሦስት ዓመቱ በሚለወጥበት አገር ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ማሽን ስምንትና ዘጠኝ ዓመት በሚያገለግልበት፣ አንዳንዴም ከውጭ አገር ያገለገለ ሆኖ በሚመጣበት እንደኛ ባለ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2.6 ዓመት አንድ እጥፍ ካልን፣ በ7.8 ዓመት ሦስት እጥፎች ይኖራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲባዛ 8 ነው። ስለዚህ ስምንት ዓመት በሞላው ማሽን ላይ አዲስ ሥርዓተ ክወና ስንጭን፣ በአማካይ ሲታይ ማሽኑ ከተሠራበት ዘመን ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ሸክም እያሸከምነው ነው። በአንድ ኩንታል የተለማመደ አህያ ላይ ስምንት ኩንታል እንደ መጫን ነው።

በተጨማሪም ዝቅተኛ መስፈርት ማለት «ይነሣል» ማለት እንጂ «ያሠራል» ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ሥርዓተ ክወናው ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የድረ ገጽ ማሰሻው፣ የጽሑፍ ማዘጋጃውና ፀረ ቫይረሱ ደግሞ የየራሳቸውን ይጠይቃሉ።

ሁሉም አካል እኩል አላደገም

ሁለተኛው መልስ ከኮምፒዩተሩ አካላት አንዱን ይመለከታል። የአይ ቢ ኤም የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር በ1981 ለገበያ ሲቀርብ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር። ዛሬ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ ፕሮሰሰር ተራ ነገር ነው፤ ይህም ከ600 እጥፍ በላይ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ግን በ1980 በደቂቃ 3600 ዙር፣ በ1992 ደግሞ 7200 ዙር ይዞር ነበር። ዛሬም በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያሉ ዲስኮች ፈጣኑ የተለመደ ልክ ይኸው 7200 ነው። ፕሮሰሰሩ ከ600 ጊዜ በላይ ሲፈጥን የዲስኩ ሽክርክሪት ያደገው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱም ዲስክ የሚንቀሳቀስ ብረት በመሆኑ ለሜካኒክስ ሕጎች ተገዢ ነው።

እስቲ እናስላው። በደቂቃ 7200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ዙር ነው። አንድ ዙር 8.33 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የምንፈልገው መረጃ በአማካይ ግማሽ ዙር ርቆ ስለሚገኝ ለእሱ 4.17 ሚሊሰከንድ እንጠብቃለን። የማንበቢያው ክንድ ወደ ትክክለኛው ቦታ እስኪደርስ ደግሞ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። በድምሩ 13 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። አንድን መረጃ ከሜሞሪ ለማግኘት ግን 100 ናኖሰከንድ ያህል ይበቃል። ልዩነቱ 130,000 እጥፍ ነው።

ይህ ቁጥር በአእምሮ ለመያዝ ያስቸግራልና ጊዜውን እናስፋው። ከሜሞሪ ማንበብ አንድ ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ ከዲስክ ማንበብ 130,000 ሰከንድ፣ ማለትም 36 ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው በጠረጴዛ ላይ ያለን መጽሐፍ እንደ ማንሣት ነው፤ ሁለተኛው ግን ለአንድ መጽሐፍ ሲባል ክፍለ ሀገር ተጉዞ እንደ መመለስ።

ሜሞሪ ሲሞላ ምን ይሆናል?

የዘመኑ ሥርዓተ ክወናዎች ሜሞሪ ሲያጥራቸው ሥራ አያቆሙም። በሜሞሪ ውስጥ ካለው መረጃ ለጊዜው የማይፈለገውን ክፍል ወደ ዲስክ ያወጡና ቦታውን ለሌላ ይሰጣሉ። የወጣው ክፍል ሲፈለግ መልሰው ያስገቡታል። መረጃው የሚወጣውና የሚገባው «ገጽ» በሚባሉ ክፍሎች ሲሆን የአንድ ገጽ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ዘዴው ድንቅ ነው፤ በአነስተኛ ሜሞሪ ትላልቅ ፕሮግራሞችን ለማሠራት ያስችላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው።

አንድ ፕሮግራም ከሚያነባቸው 1000 መረጃዎች 999ኙ በሜሞሪ ውስጥ ቢገኙና አንዱ ብቻ ከዲስክ መምጣት ቢኖርበት አማካይ ጊዜው ስንት ይሆናል? ቀመሩ ቀላል ነው።

0.999 × 100 + 0.001 × 13,000,000 = 13,099.9 ናኖሰከንድ

ከ100 ናኖሰከንድ ጋር ስናነጻጽረው ማሽኑ 131 ጊዜ ያህል ዘግይቷል። ከሺህ አንድ ጊዜ ብቻ መሳት ፈጣኑን ማሽን ዘገምተኛ አደረገው።

አሁን ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ፕሮግራሟን ለመክፈት በዲስኩ ላይ ተበታትኖ የሚገኝ 100 ሜጋባይት መረጃ አስፈለገ እንበል። ይህም 25,600 ገጾች ነው። እያንዳንዱ ገጽ 13 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ በድምሩ 333 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። በዚያው ሰዓት ሥርዓተ ክወናው ማሻሻያ እያወረደ፣ ፀረ ቫይረሱም ዲስኩን እየፈተሸ ከሆነ አንዱ ክንድ ለሦስት ጌቶች ይሮጣል። ሩብ ሰዓት የመጣው ከዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

በሌላ በኩል፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ማከማቻ አንድን ገጽ ለማቅረብ 0.1 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል። እነዚያኑ 25,600 ገጾች በ2.56 ሰከንድ ያቀርባል። ይህ ስሌት ወደ መጨረሻ ለምንሰጠው ምክር መሠረት ስለሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን።

ከጣት እስከ ስክሪን

ዝግመት የሚሰማን ፋይል ስንከፍት ብቻ አይደለም። ፊደል ስንመታም ይሰማናል። በ1983 ለገበያ የቀረበው አፕል 2ኢ የተባለው ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ብቻ ይመታ ነበር። ይሁንና በ2017 ይፋ በሆነ ልኬት መሠረት ቁልፉ ተመትቶ ፊደሉ በስክሪኑ ላይ እስኪታይ የፈጀው ጊዜ 30 ሚሊሰከንድ ነበር። በዚያው ልኬት ከተካተቱት የዘመኑ ማሽኖች በርካታዎቹ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ወስደዋል።

ምክንያቱ የመንገዱ ርዝመት ነው። በአሮጌው ማሽን የተመታው ፊደል ወደ ሜሞሪ ይገባል፤ የስክሪኑ ዑደትም ከዚያው ሜሞሪ በቀጥታ ያነበዋል። በ24 መስመርና በ40 ዓምድ የሚጻፈው ስክሪን የሚይዘው 960 ፊደላት ብቻ ነው። በዛሬው ማሽን ግን ምልክቱ በቁልፍ ሰሌዳው ውስጥ ባለ ቺፕ ይነበባል፤ በሥርዓተ ክወናው ወረፋ ይጠብቃል፤ ለፕሮግራሙ ይተላለፋል፤ ፕሮግራሙ ፊደሉን ይሥላል፤ መስኮቶቹን የሚያቀናጀው ክፍል ከሌሎች መስኮቶች ጋር ያዋህደዋል፤ በመጨረሻም ስክሪኑ ቀጣዩን ምስል እስኪያወጣ ይጠብቃል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ስክሪን ለአንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሦስት ምስል መጠበቅ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ነው።

የሚሣለው ምስልም ቀላል አይደለም። በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች ያሉት ስክሪን ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢመደብለት 8,294,400 ባይት ይይዛል። ይህ ከአፕል 2ኢ 960 ባይት 8640 ጊዜ ይበልጣል። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲባዛ ወደ 498 ሚሊዮን ባይት ይጠጋል። የምናየው የጠራ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል።

ክብደቱ ሁሉ ከንቱ ነውን?

እስካሁን ያልነው አሮጌውን ማሽን የሚያስመሰግን ይመስላል። ሆኖም ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አዲሱ ሥርዓተ ክወና በወሰደው ሀብት ምን እንደገዛልን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንደኛ፣ መረጋጋትን ገዝቷል። በኤም ኤስ ዶስ ዘመን ማንኛውም ፕሮግራም በሜሞሪው በፈለገው ቦታ መጻፍ ይችል ነበር። አንዱ ፕሮግራም ሲሳሳት ማሽኑ በሙሉ ይቆም ነበር። ዊንዶውስ 95ና 98 ደግሞ ከተነሡበት ጊዜ ጀምሮ ያለፈውን ሚሊሰከንድ በ32 ቢት ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። 32 ቢት ሊይዝ የሚችለው 4,294,967,296 ሚሊሰከንድ ሲሆን ይህም 49.7 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሲመለስ ማሽኑ ሊቆም ይችል ነበር። ይህ ጉድለት ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ መቆየቱ ራሱ የሚናገረው አለ፤ በዚያ ዘመን ሳይቆም ሃምሳ ቀን የሠራ ማሽን ብርቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ደኅንነትን ገዝቷል። አሮጌዎቹ ማሽኖች የተሠሩት ከዓለም ተነጥለው እንዲሠሩ ነበር። ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ግን በር የሌለው ቤት በገበያ መካከል እንደ መሥራት ሆነ። በነሐሴ ወር 2003 ብላስተር የተባለው ትል የዊንዶውስ ኤክስፒና የዊንዶውስ 2000 ማሽኖችን አጥቅቷል። በሜይ 12 ቀን 2017 የተነሣው ዋናክራይ ደግሞ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኞችን እስከ መመለስ ደርሰዋል። ጉድለቱን የሚደፍነው ማሻሻያ የወጣው ግን ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በማርች 2017 ነበር። ከተጠቁት አብዛኞቹ ማሻሻያውን ሳይጭኑ የቆዩ የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ። ሥራችንን የሚያቋርጠው ማሻሻያ የሚያበሳጭ ቢሆንም ያለ ምክንያት እንዳልመጣ ይህ ያስረዳል። አንዳንዴ ደኅንነት በቀጥታ በፍጥነት ይከፈላል። በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ጉድለቶች ይፋ ሲሆኑ፣ እነሱን ለመከላከል የተሠሩት ማሻሻያዎች በተለይ አሮጌ ፕሮሰሰሮችን አዝግመዋል።

ሦስተኛ፣ እኛን በቀጥታ የሚመለከተው፣ ፊደላችንን ገዝቷል። በአሮጌዎቹ ማሽኖች አንድ ፊደል በአንድ ባይት ይወከል ስለነበር ለፊደላት ያለው ቦታ 256 ብቻ ነበር። የአማርኛ መደበኛ ፊደላት 33 በ7 ተባዝተው 231 ናቸው። ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ሳንጨምር እንኳ ከላቲኑ 95 ምልክቶች ጋር 326 ይሆናሉ፤ በ256 ቦታ ሊሰፍሩ አይችሉም። በዚህ የተነሣ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጆች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ እየተኩ፣ እያንዳንዱም በራሱ ቅደም ተከተል እየደረደረ ይሠራ ነበር። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ መታየቱን በዚያ ዘመን የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቋሚ ቦታዎች ሰጠ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያን ይዞ መጣ። በክብደቱና በዝግመቱ በዓለም ዙሪያ ብዙ የተወቀሰው ይህ ሥርዓተ ክወና፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር በገዛ ፊደሉ እንዲጽፍ በር የከፈተ ነበር። ዋጋው? ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይህን ዋጋ ያላግባብ ነው የሚል አማርኛ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም።

ከንቱ ክብደት

ይህ ማለት ግን ክብደቱ ሁሉ ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት በ1995 ባወጣው ጽሑፍ ሶፍትዌር የሚዘገይበት ፍጥነት ሃርድዌር ከሚፈጥንበት ፍጥነት ይበልጣል ሲል አስጠንቅቋል። ሐሳቡ የሥራ ባልደረባው የማርቲን ራይዘር መሆኑን ቢገልጽም ዛሬ የሚታወቀው «የቪርት ሕግ» በሚል ስም ነው። ቪርት እንደ ምክንያት ያቀረባቸው ሁለት ዋና ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ አምራቾች ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ አስፈላጊነቱን ሳይመረምሩ መጨመራቸው ነው። ሁለተኛው የጊዜ ጥድፊያ ነው፤ አጭርና የጠራ ፕሮግራም መጻፍ ረጅምና የተዝረከረከ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እሱ ራሱ ከዩርግ ጉትክኔክት ጋር ኦቤሮን የተባለውን አነስተኛ ሥርዓተ ክወና ሠርቶ ሐሳቡን በተግባር አሳይቷል።

ዛሬ ምሳሌ ፍለጋ ርቀን መሄድ የለብንም። መልእክት ለመላላክ ብቻ የሚያገለግል ፕሮግራም በሆዱ ሙሉ የድረ ገጽ ማሰሻ ይዞ ይመጣል፤ እንዲህ ያሉ ሦስት ፕሮግራሞች ስንከፍት ሦስት ማሰሻ ከፍተናል ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሣ ማንም ያልጠራቸው አገልግሎቶች አብረው ይነሣሉ። እነዚህ ለአሠሪው ድርጅት ወይም ለጸሐፊው ጊዜ ይቆጥቡ ይሆናል፤ የተጠቃሚውን ጊዜ ግን ይበላሉ።

ከፍጥነት ውጭ የሆነ ሌላ ዋጋም አለ። በኦክቶበር 2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ከ1995 ጀምሮ በስክሪኑ ግርጌ የነበረውን የመጀመሪያ ቁልፍ አስወገደ። ተቃውሞው ከበረታ በኋላ ቁልፉ በ2013፣ ሙሉ ዝርዝሩ ደግሞ በ2015 በዊንዶውስ 10 ተመለሰ። እጅ የለመደውን መንገድ ማጣት ለወጣት ተማሪ ቀላል ሊሆን ይችላል። ለሃያ ዓመት በአንድ መንገድ ለሠራች ጸሐፊ ግን የሙያ ችሎታዋን በአንድ ሌሊት እንደ መንጠቅ ነው። ይህን በሰከንድ የሚለካ መሣሪያ የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ጥያቄው ዛሬ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት አካል ስለሚጠይቅ፣ በሙሉ ጤንነት የሚሠሩ በርካታ ማሽኖች ከመስፈርቱ ውጭ ሆነዋል። በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ያሉ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ይጣሉ ወይስ ይሠሩ? ካየነው ስሌት በመነሣት የሚከተለውን ማለት ይቻላል።

1. ማሽን ከመለወጥ በፊት ማነቆውን መለየት ያስፈልጋል። ማሽኑ ሲያዘግም የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ የሚበራ ከሆነ ችግሩ የፕሮሰሰር ሳይሆን የዲስክ ወይም የሜሞሪ እጥረት ነው።

2. የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ መተካት፣ ቀጥሎም ሜሞሪ መጨመር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ ማሽን ዋጋ በጥቂቱ የሚፈጸም መፍትሔ ነው። አምስት ደቂቃ ተኩል ወደ ሁለት ሰከንድ ተኩል የወረደበትን ስሌት ያስታውሷል።

3. ለአነስተኛ ማሽኖች የተዘጋጁ፣ እንደ ሉቡንቱ ያሉ ቀላል የሊነክስ ዓይነቶችን መሞከር ይገባል። ማሻሻያ ያገኛሉ፤ በዩኒኮድ አማርኛ ይጽፋሉ። ሊነክስም ቢሆን ከእድገት አላመለጠም። በ1991 በ386 ፕሮሰሰር ላይ ሲወለድ 10,000 መስመር ያህል የነበረው ከርነሉ በ2020 ከ27 ሚሊዮን መስመር አልፏል፤ የተወለደበትን የ386 ፕሮሰሰርም በ2012 መጨረሻ ከድጋፍ ዝርዝሩ ሰርዟል።

4. ድጋፉ ያበቃ ሥርዓተ ክወና ያለው ማሽን ለአንድ የተወሰነ ሥራ ከተፈለገ ከኔትወርክ ተነጥሎ ይሥራ። ፍላሽ ዲስክም ሳይፈተሽ አይሰካበት።

5. በስምንት ዓመት ማሽን ላይ አዲስ ሥርዓተ ክወና ለመጫን የሚያስብ ኃላፊ በመጀመሪያ በአንድ ማሽን ላይ ይሞክር፤ ለአንድ ሳምንትም ተማሪዎች ይሥሩበት። በአንድ ማሽን ላይ የታየ ስሕተት በሃምሳ ማሽን ላይ ከሚታየው ይቀላል።

ለመለማመጃ

ሀ) «ሰላም ለዓለም» የሚለው በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ ስንት ባይት ይይዛል? (ክፍተቱ 1 ባይት ነው።)
ለ) ከ10,000 መረጃዎች አንዱ ብቻ ከዲስክ ቢመጣ ማሽኑ ስንት ጊዜ ይዘገያል?
ሐ) በአግድም 3840፣ በቁም 2160 ነጥቦች ያሉት ስክሪን በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ ስንት ባይት ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ሀ) 22 ባይት። ለ) 1400 ናኖሰከንድ ያህል ስለሚሆን 14 ጊዜ። ሐ) 1,990,656,000 ባይት፤ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ተማሪዋ ለጠየቀችው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በጥጉ ያለው ማሽን የቀደማት ከእሷ ማሽን ስለሚፈጥን አይደለም። አንድ ሥራ ብቻ፣ ከማንም ጋር ሳይገናኝ፣ በተሠራበት ዘመን በተጻፈ ሶፍትዌር ስለሚሠራ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን በአማርኛ ፊደል ጻፍልኝ፣ ከኢንተርኔት መረጃ አምጣልኝ፣ ከቫይረስም ጠብቅልኝ ብትለው ግን አንዱንም አይችልም። የእሷ ማሽን ሁሉንም ይችላል፤ የጎደለው ከሸክሙ ጋር የሚመጣጠን ዲስክ ነበር። በኋላ ዲስኩ በኤስ ኤስ ዲ ሲተካ ያው ማሽን፣ ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ሥርዓተ ክወና ሆኖ ፋይሏን ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከፈተላት። ነገ ሶፍትዌር የምትጽፉ ተማሪዎች ደግሞ ይህን አስታውሱ፤ የምትጽፉት እያንዳንዱ መስመር የሚሠራው በእናንተ አዲስ ማሽን ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ሩቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት በሞላው ማሽን ላይም ጭምር ነው።